ድንጋይ የተሸከመው አዞ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እዚህ ሲያትል፣ እኛ አሮጊት ሽማግሌዎቹ በምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ ነው። ያልረሳሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሁለተኛ፣ ንዴቱ እስካሁን አላለቀልኝም።

እኔ የወሎ ሴት ነኝ። በእኛ አገር ዱበርቲ የሚባሉ ትልልቅ ሴቶች አሉ። ሰው ሲጣላ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጁ ድረስ ይሄዳሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ያስታርቃሉ። ዱበርቲ ደጁ ቆማ እምቢ የሚል ወንድ አላየሁም። እናቴ አንዷ ነበረች። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረግጥም ይቺን ይቺን ከእሷ ለምጃለሁ። ልጄ ፋጡማ ግን አትወድልኝም። «እማ፣ እዚህ አገር ሰው ሲጣላ ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ፣ ኦኬ?» ትለኛለች። እንዴት ነው የሚታለፈው? አሳንሰሩ አንድ፣ በሩ አንድ፣ ቀኑን ሙሉ የምንተያይ ሰዎች!

የተጣሉት ሮይና ዋልተር ናቸው። ሮይ ከእኔ በር ፊት ለፊት ይኖር ነበር። ቀጭን፣ ነጭ ፀጉሩን በውሃ የሚያበጥር፣ አንድ እግሩን እየጎተተ እንኳ ዘንቢሌን ከእጄ የሚቀበል ሰው። ዋልተር ታች ነው የሚኖረው። አንገቱ የሰንጋ ነው፤ ጆሮዎቹ እንደ ደረቀ እንጉዳይ ተጨማደዋል። ሁለቱም በጉልምስናቸው ዘመን ሬስሊንግ፣ በገመድ በታጠረ መድረክ ሕዝብ ፊት የሚታገሉት ትግል፣ ነበር ሥራቸው። ታጋዮች ልላችሁ ነበር፤ ፋጡማ «የጫካ ታጋይ ታስመስያቸዋለሽ» ብላኝ ተውኩት።

አንድ ቀን ሮይ የፎቶ አልበሙን ይዞ መጣ። አቶ ሰይድ የሚባል ማዶ ሱቅ ያለው የደሴ ሰው ዕቃ ሊያደርስልኝ መጥቶ ስለነበር ተረጎመልኝ። ፎቶው ላይ ሮይ ነጭ ካባ ለብሶ፣ ሕዝቡ እጁን ለመንካት ይጋፋል። «ወርቃማው ሮይ» ነበር የሚሉት። ገጹን ስንገልጥ አረንጓዴ ካባ የለበሰ አስቀያሚ ግዙፍ ሰው ጥርሱን አግጥጧል። «አዞው»፤ ዋልተር ማለት ነው።

«ይኼ ሰው» አለ ሮይ፣ «ታኮማ ላይ ከቀበቶው ጨው አውጥቶ ዓይኔ ውስጥ በተነ። ፖርትላንድ ላይ ጀርባዬን ስሰጠው በወንበር መታኝ። ያኪማ ላይ ከገመዱ ውጭ ወርውሮ እግሬን ሰበረ። እዚሁ ሲያትል ደግሞ የተሸነፈ ይላጭ ተብለን ስንገጥም፣ ጫማው ውስጥ ብረት ደብቆ መታኝና አሸነፈ። ሕዝብ እያየ ፀጉሬን ላጨኝ።»

«በአደባባይ?» አልኩ።

«በአደባባይ፣ እማማ ዘይነባ» አለ ሰይድ። እሱም አዝኗል።

እንባዬ መጣ። ሰውን በአደባባይ መላጨት! ለካ ለዚያ ነው ዋልተር የጋራ ሳሎናችን ሲገባ ሮይ ብድግ የሚለው። ለዚያ ነው አንዱ ያለበት አሳንሰር ውስጥ ሌላው የማይገባው። ዋልተር ከዘራውን እያወዛወዘ «አንተ ፈሪ!» ይላል፣ ሮይ «አንተ አጭበርባሪ!» ይላል፣ የሕንፃው ሴቶች ቢንጎ የሚሉትን የቁጥር ጨዋታቸውን አቁመው ያያሉ። የሮይ ልብ መድከሙን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ነው። ይህን ቂም ይዞ ቢሞት የማን ዕዳ ነው? እያየ ዝም ያለው ጎረቤት ዕዳ ነው።

ሰይድን ይዤ ዋልተር በር ላይ ቆምኩ። ፋጡማ ኦበርን የሚባል ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ስለነበረች የሚከለክለኝ አልነበረም። ዋልተር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰማን። ሰይድ የአገራችንን ወግ አስረዳው፦ በዳይ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል። ተበዳይ «አፉ ብያለሁ» ብሎ ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቂም የለም።

የዋልተር ዓይን በራ። «ድንጋዩ የቱን ያህል ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የቻልከውን» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው!

ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹ ቢንጎ ላይ እያሉ አሳንሰሩ ተከፈተ። ዋልተር የአትክልቱ ቦታ ላይ የነበረውን ትልቁን ድንጋይ፣ የበግ ግልገል የሚያክለውን፣ ትከሻው ላይ ጭኖ ወጣ። ጎንበስ ይላል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ወደ ሴቶቹ ዞሮ አገሳ። አገሳ ነው የምላችሁ! ሮይ በዚያ እግሩ ሶፋ ላይ ወጥቶ «ሊገድለኝ ነው!» ይላል። ሴቶቹ ጮኹ፣ የቢንጎው ጠጠር ተበተነ፣ አንዷ ዋልተርን በጃንጥላ ጎኑን ትደበድበው ጀመር። ሰይድ «ኖ፣ ኖ፣ እርቅ ነው!» ይላል፤ እኔ ምርኩዜን እያነሳሁ «አውርድ! አውርደው!» እላለሁ። ማን ይሰማኛል። ሮይ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሶፋው ላይ ተዘረረ።

የሕንፃው ማናጀር ሮጦ መጥቶ «ፖሊስ ኮል ላደርግ ነው» አለ። በኋላ ነገሩን ሲያጣራ ያስጠነቀቀው ማንን ይመስላችኋል? እኔን! ድንጋይ የተሸከመውን ትቶ እኔን! ፋጡማ ማታ መጥታ ስትሰማ ራሷን ያዘች። «እማ፣ ከቤትሽ ቢያስወጡሽስ?» አለችኝ። እኔ ግን የሮይ ልብ ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ ሰላም አጣሁ። ዱዓ አደረግሁለት። ወላሂ፣ አልቅሼ ነው ዱዓ ያደረግሁለት።

በቀጣዩ ሰኞ ልብሴን ላጥብ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ማድረቂያው ይጮሃል። ከጩኸቱ በላይ ግን ሳቅ ሰማሁ። በሩን ገፋ ሳደርግ ሮይና ዋልተር የልብስ ቅርጫት ገልብጠው ተቀምጠው፣ አንድ የቆርቆሮ ዓሣ ሳንድዊች ለሁለት ተካፍለው ይበላሉ። ሮይ የመጥረጊያ እንጨት እንደ ምርኩዝ ወደ ላይ አንስቶ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ በአማርኛ «አውርድ! አውርደው!» ይላል። ዋልተር በሳቅ እንባው ይወርዳል።

ቅርጫቴ ከእጄ ወደቀ። ሁለቱም ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ክው አሉ።

ሰይድን አስጠርቼ ነገሩ ሁሉ ወጣ። «እማማ፣ ጓደኛሞች ናቸው» አለኝ፣ ፊቱን ወዲያ አዙሮ። እየሳቀ መሆኑን አውቄያለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሥራ ከጀመሩ ጀምሮ።»

ጨውም ዱቄት ነበር። ወንበሩም ተመካክረው ነው፤ ፀጉሩም ተመካክረው ነው። በዚያ ዘመን ሰው የሚመጣው የእነሱን ጥላቻ ለማየት ነበር አሉ። ደጉና ክፉው አብረው ሲበሉ ከታዩ ያ ሁሉ ሰው ውሸት ነው ብሎ ይቀራል፣ እነሱም ከሥራ ይባረራሉ። ስለዚህ በሁለት መኪና ይሄዳሉ፣ በሁለት ቤት ይበላሉ፣ ማንም በማያያቸው ቤንዚን ማደያ ጀርባ ተገናኝተው ሳንድዊች ይካፈላሉ። ሰው በጣም ከማመኑ የተነሳ አንዲት ሴት ዋልተርን ታፋው ላይ በባርኔጣ መርፌ ወግታዋለች።

«ሥራው ካበቃ ስንት ዘመኑ!» አልኩ። «አሁን ማን ያባርራችኋል?»

«ሴቶቹ» አለ ሮይ። «በልጅነታቸው መጥተው ያዩን አሉ። እስከ ዛሬ ያምናሉ።»

በአንቱታ የጀመርኩትን በአንተ ጨረስኩት። የሰደብኳቸውን ስድብ ሰይድ ግማሹን አልተረጎመውም። ልወጣ ስል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «እግርህስ?» አልኩት ሮይን። «እግርህም ውሸት ነው?»

ሁለቱም እግሩን አዩ።

እግሩ እውነት ነበር። ያኪማ ላይ ሲያነሳው የዋልተር እጅ አዳልጦት ነው። ሮይ ሆስፒታል ሲተኛ ዋልተር ሊጠይቀው አልቻለም፤ አዞው አበባ ይዞ ቢታይ ጉድ ነው። መኪናውን ሆስፒታሉ ፊት ፓርክ አድርጎ ውስጡ ተቀምጦ ዋለ። ሮይ በመስኮት አየው። ከዚያ ወዲያ ሮይ እንደ በፊቱ አልዘለለም። ዋልተር ግን አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ብሎት አያውቅም።

«ታዲያ አሁን በለው!» አልኩ። «ይኸው አለ፣ አንተም አለህ፣ እኔም አለሁ!»

ሮይ «ተይው፣ ምን ያስፈልገዋል» አለ፤ ግን ዋልተርን እያየ ነው ያለው። ዋልተር ተነስቶ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ። ያላለቀ ርጥብ ልብስ! «ሌላ ጊዜ» አለ። ይኼን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ዘመናቸውን ሙሉ በውሸት ሲጣሉ ኖረው፣ አንዲት እውነተኛ ይቅርታ ከአፍ አትወጣም?

እኔም ምስጢራቸውን ያዝኩላቸው፤ ይኼ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ዋልተርን ሲያሙ ዝም። ፋጡማ «ሽምግልናሽ እንዴት ሆነ?» ብላ ስትቀልድብኝ ዝም። ዋልተርን በር ላይ ሳገኘው «አልከው?» እለዋለሁ፤ በአማርኛም ይገባዋል። ራሱን ይነቀንቃል። «ሌላ ጊዜ።»

ሌላ ጊዜ የሚባለው ሳይመጣ ሮይ ሞተ።

የቀብሩ ቀን ዝናቡ አባርቶ ከከተማው ማዶ ያለው ባለ በረዶ ተራራ ወለል ብሎ ወጥቶ ነበር። ሰይድ በመኪናው አደረሰኝ። አስከሬኑ ያለበት አዳራሽ በሰው ሞልቷል፤ ሽማግሌዎች ናቸው፣ የሮይን የጥንት ፎቶ ደረታቸው ላይ የለጠፉም አሉ። ዋልተር የለም። ሰይድ በክንዱ ነካ አደረገኝና ወደ መኪና ማቆሚያው አሳየኝ። ዋልተር መኪናው ውስጥ መሪውን ይዞ ተቀምጧል።

በምርኩዜ መስኮቱን ደበደብኩት። አወረደው። ፊቱ በእንባ ርሷል።

«አልችልም» አለ። «እዚያ ውስጥ ያሉት አዞው ሮይን እንደሚጠላው ነው የሚያውቁት። እያለቀስኩ ከገባሁ ሮይ ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን አፈርስበታለሁ።»

አቤት አናደደኝ! «አንተ ሰው፣ ያኪማም መኪና ውስጥ ቀረህ፣ ዛሬም መኪና ውስጥ ልትቀር ነው?» አልኩት። «በእኛ አገር ጠላት ከለቅሶ አይቀርም። ደም የተቃባ ሰው እንኳ ይደርሳል። የሚቀረው ወዳጅም ጠላትም ያልሆነ መንገደኛ ነው። አልቅስ አላልኩህም። እንደ ጠላት ግባ!»

ሰይድ ተረጎመለት።

«እንደ ጠላት?» አለ ዋልተር። ትንሽ አሰበ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፣ ወረደ፣ የመኪናውን ኋላ ከፈተ። ድንጋዩ! ያ የግቢው ድንጋይ! ማናጀሩ ማን ወሰደው እያለ ስንት ጊዜ የጨቀጨቀን ድንጋይ እዚያ ተቀምጧል።

ማጅራቱ ላይ ጭኖ ገባ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከዚያ አንዲት አሮጊት «ቡ!» አለች። ሌላውም ተከተለ፣ ሁሉም ከዘራቸውን መሬት እየመቱ «ቡ!» አሉ፤ እንባቸው ግን ይወርዳል። ይኼ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው ብዬ ሰይድን ብጠይቀው «እማማ፣ ድሮም ክፉውን በዚህ ጩኸት ነበር የሚቀበሉት፤ ለአዞው ክብሩ ነው» አለኝ። ዋልተር ግራ ቀኝ እያፈጠጠ፣ ጥርሱን እያገጠጠ፣ ሬሳ ሳጥኑ ጋ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ተንበረከከ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማ። አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

ጩኸቱም ቆመ። ምን እንደሚጠብቅ ከእኔና ከሰይድ በቀር የሚያውቅ የለም። ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው፤ ተበዳዩ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ነው።

እኔው ሄድኩ። «ሮይ አፉ ብሎሃል» አልኩና ድንጋዩን ያዝኩ። ወይ ፍንክች! «ጡጫ የሚያህል አይበቃህም ነበር?» ብዬ በሹክሹክታ ተቆጣሁት። ሰይድ መጣ፣ ያ ማናጀርም መጣ፣ ለሦስት አወረድነው። ዋልተር አፉን ሳጥኑ ላይ ደፍቶ አንድ ነገር ተናገረ። ሰይድ ሊነግረኝ ሲል ተው አልኩት፤ ለእኔ የተባለ አይደለም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ዋልተር ከዘራውን እያወዛወዘ መጣና፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ «ጠንቋይ!» ብሎ ጮኸብኝ። ደንግጬ ቀና ስል አንድ ዓይኑን ጠቀስ አደረገልኝ። ለካ ያለ ጠላት መኖር አይችልም፤ በሮይ ቦታ እኔን ቀጥሮኛል። በዚህ ዕድሜዬ! ሰኞ ሰኞ ምድር ቤት የቆርቆሮ ዓሣ ሳንድዊቹን ለሁለት ከፍሎ ይጠብቀኛል። ዓሣው ሽታው አይወጣልኝም፤ ምን ላርግ፣ እበላለሁ። ብቀርበት ያን ግማሽ ማን ይበላለታል?

ባለፈው ሳምንት በሬ ተንኳኳ። በቅርብ የገባች የጉራጌ ሴት፣ ከሁለት ትልልቅ ሰዎች ጋር ቆማለች። «እማማ ዘይነባ፣ ከዚያ ሽማግሌ ጋር ሁልጊዜ ሲጣሉ እናያለን» አለች። «ሞት አይቀርም፣ ቂም ይዞ መኖር ደግ አይደለም። ልናስታርቅዎ ነው የመጣን።»

ዱበርቲ ደጃፌ ላይ! እናቴ ብታየኝ ምን ትል ይሆን። ፊቴን አጨፈገግሁ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ጫን አደረግሁ።

«እሱን?» አልኳቸው። «ከእሱ ጋርስ እስክሞት አልታረቅም!»