ሃያ የግራ እጅጌ

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ሲፈን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ወትሮዋ ድስት ከፍታ አላየችም። ቦርሳዋን በሩ ጋ ጥላ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኛች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤታቸው ተማሪዎቹን ሙያ እንዲለምዱ ብሎ በሳምንት ሁለት ቀን ቦሌ ሚካኤል ወዳለ ወርክሾፕ ይልካቸዋል። እሷ የመረጠችው ኤሌክትሪክ ነው።

ምን ሆንሽ ብዬ ብጨቀጭቃት በመጨረሻ ነገረችኝ። ሽቦ አሳስታ አገናኝታ ብሬከሩ ወረደና የወርክሾፑ መብራት በሙሉ ድርግም አለ። ልጆቹ ሳቁባት። አንዱማ «ሐሙስ ሻማ ይዛችሁ ኑ፣ ሲፈን አለች» ብሏል። እሷም ለአሰልጣኙ እንኳ ሳትናገር ወጥታ መጣች።

«ማሚ፣ ሼም ነው የያዘኝ። ሁለተኛ አልሄድም። አሰልጣኙ ከደወለ አሟታል በይልኝ፣ በናትሽ።»

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። እኔ ሶኬት እንኳ የምነቅለው እጄን አድርቄ፣ በጨርቅ ይዤ ነው። የፈቃዱ ወረቀት ሲመጣ ሁለት ቀን አቆይቼ ነው የፈረምኩት። ስንት ሙያ እያለ፣ ምግብ ዝግጅት እያለ፣ ሽቦ ምን አስመረጣት እያልኩ ነው የከረምኩት። እንግዲህ ራሷ ተወችው። «እሺ የኔ ልጅ፣ እለዋለሁ» ብያት ሻይ ልጥድላት ገባሁ። ውሃው ሳይፈላ ግን ስንት ዘመን ያላሰብኩት ሰው ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ጋሽ ሙዘይን ገርጂ የልብስ ስፌት ቤት ነበረው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ስምንተኛን ሁለቴ ወድቄ ትምህርቱን ትቻለሁ። ጎሮ ዛሬ እንዲህ ፎቅ በፎቅ ሊሆን፣ ያኔ የእኛም ቤት የጎረቤቶቻችንም ቤት በጤፍ ማሳ መሃል ነበር። አባቴ ከጋሽ ሙዘይን ጋር በገበያ ይተዋወቃሉና ክረምቱን ሙያ እንዲያስተምረኝ ለመነው። ጠዋት ጠዋት ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ እሄዳለሁ። ገርጂ ስደርስ እግሬን በጉድጓድ ውሃ ታጥቤ ጫማዬን አደርጋለሁ። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ የዚያ በቆሎ ሽታ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም ነሐሴ በገባ ቁጥር ይመጣብኛል።

ስፌቱን ወደድኩት። ወረቀት ላይ ያልገባኝ ነገር ሁሉ ጨርቅ ላይ ሲሆን ገባኝ። አንድ ወር ሳይሞላኝ ጋሽ ሙዘይን ትልቁን መቀስ ሰጠኝ። ከእኔ በፊት የገባች አስቴር የምትባል ልጅ ነበረች፤ እሷ ገና ቁልፍ ስትተክል እኔ መቀስ ያዝኩ፤ በዚህ ተቀይማኝ ነበር።

ትምህርት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ትዕዛዝ መጣ። አሥር ኮት። ጋሽ ሙዘይን ዙሁር ሊሰግድ ሲወጣ ከካርቶን የተቆረጠውን የእጅጌ ልክ ሰጠኝና ጨርቁን ደራርቤ እጅጌዎቹን እንድቆርጥ ነገረኝ። አንዱ የግራ አንዱ የቀኝ እንዲወጣ፣ ሲደረደር ፊቱን ከፊቱ ጋር እያገናኘሽ ነው ያለኝን እኔ ሰምቻለሁ። ነገር ግን የጨርቁ ፊት እንዳይቆሽሽና በሳሙና ያሰመርኩት መስመር ቁልጭ ብሎ እንዲታየኝ ብዬ ሃያውንም ድርብ ፊቱን ወደ ላይ አደረግሁት። መቀሱ እንደ ቅቤ ገባ። እንዴት እንደኮራሁ።

ተመልሶ ሁለት እጅጌ አነሳና አንዱን በግራው ያዘ። ሌላውን በቀኙ ሊያደርገው አዞረው፣ እምቢ አለው። ሌላ አነሳ። ሃያውም የግራ ነው። አስቴር ከማሽኑ ላይ ቀና ሳትል «ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ ቀኝ እጅ ያላቸውን ልጆች አይቀበልም መሰለኝ» አለች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ሙዘይን አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ጨርቁን እያገላበጠ ያስባል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁና በዚያው ቤቴ ገባሁ፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ሙዘይን ቤታችን መጣ። ያንን ሁሉ ጭቃ በእግሩ፣ ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ። ከሩቅ ሳየው ሮጬ የላሞቹ በረት ገባሁና በግድግዳው ስንጥቅ ማየት ጀመርኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ዱከም አክስቷ ጋ ሄዳለች አለችው። እሱ ግን ወዲያው አልሄደም። ለእናቴ ብቻ ብሎ ይሁን፣ ወይስ እዚያው መደበቄ ገብቶት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው።

«እጅጌው አልባከነም በሏት። ሌላ ሃያ የቀኝ ቆረጥንና ለዚህኛውም ለሚቀጥለውም አሥር ኮት ሆነ። እኔ ራሴ ስጀምር ሱሪ እንዲህ አድርጌያለሁ። መቀሱን ለማንም አልሰጥም፣ ሰኞ ትምጣ።»

ሰማሁ፤ ቃል በቃል ሰማሁት። ከበረቱ እስከ በሩ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ግን አልወጣሁም። ጃንጥላው ከማሳው ማዶ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ስገባ እናቴ ወተት አሙቃ ሰጠችኝና «ተይው ልጄ፣ ቤትሽ ምን ጎደለሽ» አለችኝ። ሰኞ አልሄድኩም። ማክሰኞም እንዲሁ። ከዚያማ ጭራሽ የማይሆን ሆነ።

ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት የሰው ቤት ልብስ አጠብኩ፣ አሁንም ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ አጸዳለሁ። ሥራ ነው፣ ልጅ አሳድጌበታለሁ፣ አላማርርም። ግን ኮት የለበሰ ሰው በኮሪደሩ ሲያልፍ ከፊቱ በፊት የማየው እጅጌውን ነው። የተገጠመበትን ትከሻ አይቼ ይኼ ጥሩ እጅ ነው፣ ይኼ ተጨማዷል እላለሁ፣ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ።

ሻዩን ለሲፈን እየቀዳሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ወጣት ድምፅ ነው፤ የሲፈን እናት ነዎት ብሎ በትህትና ጠየቀኝ፤ አሰልጣኟ ነው። ሳትናገር የወጣችው አሟት ነው ወይ አለ። ሲፈን ከሶፋው ተነስታ ሁለት እጇን አገጣጥማ ትለምነኛለች። «አዎ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እናቴም ያኔ እንዲሁ ሳይሆንባት አይቀርም።

«አላመማትም» አልኩት። «ደንግጣ ነው። ይኸው አጠገቤ አለች፣ ላገናኝዎት።»

ሲፈን ዓይኗ እንባ ሞላ፤ «ማሚ፣ ምን ነካሽ» ብላ በሹክሹክታ ተቆጣችኝና ስልኩን ነጥቃኝ ወደ ግድግዳው ዞረች። እሱ ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ እሺ ብቻ ትላለች፤ ስትዘጋው «ብሬከሩማ ሥራውን ነው የሠራው፣ የትኛው ሽቦ እንደተሳሳተ ሐሙስ ራስሽ ፈልገሽ ታገኚዋለሽ» ብሎኛል አለች። የቀዳሁላትን ሻይ ግን አልጠጣችልኝም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጠዋት እንዳኮረፈች ታክሲ ይዛ ሄደች። እኔ ዛሬ እረፍቴ ነውና ይቺን እጽፋለሁ፣ ፊደሌ እንደፈቀደ። ልቤ አላረፈም። ደውዬ እንዴት ናት ልበል አልኩና እንዳላሳፍራት ብዬ ተውኩት። እናቴን አልወቅሳትም፣ ነፍሷን ይማረው፤ ልጄን ከሚያስፈራት ነገር አስጣልኳት ብላ ነው። እኔ ሲፈንን የማስጥልበት አቅም የለኝም። እስክትመለስ ቁጭ ብሎ መፍራቱን ግን እችለዋለሁ።