የባሏ ሱሪ

ሴትዮዋ ሱሪውን በፌስታል ይዛ ስትገባ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ወዲያው አወቃት። መጠጥ ባሏን አመንምኖት ሱሪው ከወገቡ አልቆም ሲል፣ እያመላለሰች የምታስጠብበው እሷ ነበረች። ዛሬም ያንኑ ጥቁር ሻሽ ሸብ አድርጋለች፤ የሹራቧ አንዱ ቁልፍ እንደወትሮው የለም።

"ወገቡን ያስፉልኝ አባባ፤ እምቢ ብሎታል።"

"ወፈረ እንዴ?"

"መጠጥ ከተወ ወዲህ ይበላል።"

"ተመስገን ነው! እልል በይ እንጂ ልጄ!"

"እሺ" አለችና ቁጭ በይ የተባለች ይመስል በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ፊቷ ላይ ደስታ ቢፈልግ አጣ፤ ኀዘንም የለም። ውጭ ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ግን አንገቷ ሳታዘው ዞር ይላል።

"ልጆቹስ?"

"አብረውት ይስቃሉ። ትናንት እኔንም ሊያስቀኝ ሞከረ።"

"ታዲያስ?"

"ሳቅሁለት።"

ሽማግሌው የድሮውን ስፌት ተርትሮ ሱሪውን መኪናው ላይ ሲያመቻች ከበርጩማው ብድግ አለች።

"ላላ አድርገው ይስፉት አባባ። ኋላ ለመተርተር እንዳያስቸግር።"

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያትና በድርብ ክር ጠበቅ አድርጎ ሰፋው። አየችውና ተመልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።