ምሰሶዎቹ የተምታቱበት ማሽን

ኮምፒውተሩ ከገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምሰሶዎች አንዱን ነቅሎ ከግቢው ውጭ ገደል ላይ ተከለው። ሌላውን ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ቀበረው። ውጤቱ የታተመበትን ረጅም ወረቀት ወለል ላይ ዘርግቼ፣ ተንበርክኬ ቁጥሮቹን በጣቴ እየተከተልኩ ሳለ መምህሬ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩ። ከዚያ፣ «ያን አለት የፈለፈሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉን ነበር?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ማልቀስ ነበር የቃጣኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ክፍል ረዳት ምሩቅ ነበርኩ። መምህሬ ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ፦ ማሽን እንደ ሰው በሁለት ዓይን አይቶ ርቀትን እንዲያውቅ ማድረግ። ነገሩን ያስረዱኝ በእርሳስ ነው።

«አፍንጫሽ ፊት ያዢው። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ዓይንሽ እዪው። ይዘላል አይደል? ቅርብ ያለ ነገር ብዙ ይዘላል፣ ሩቅ ያለ ጥቂት። ዝላዩን ከለካን ርቀቱን አወቅን ማለት ነው።»

ስለዚህ አንዱን ነገር ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ቦታዎች ፎቶ እናነሳለን። ኮምፒውተሩ በግራው ፎቶ ያለችውን እያንዳንዷን ነጥብ በቀኙ ፎቶ ፈልጎ ያገኛል፤ ዝላይዋንም ያሰላል። መምህሬ የላስታ ልጅ ነበሩና ለሙከራው ገነተ ማርያምን መረጡ። ቤተ ክርስቲያኗ ከአንድ አለት ተፈልፍላ፣ ዙሪያዋን በምሰሶ ተከባ ፀሐይ ላይ የቆመች ናት።

በላንድሮቨር በወልድያ አድርገን፣ ፍላቂትን አልፈን ሄድን። የደብሩ ሰዎች በደስታ ተቀበሉን። ያስቸገሩን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ። ካሜራውን ደግነን ልናነሳ ስንል፣ ረጅሙ ሽማግሌ ጥላቸውን ዘርግተው መጡና አንዱ ምሰሶ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አባታችን፣ እባክዎ ትንሽ ዘወር ይበሉልን» አልኳቸው።

«ወዴት ልዘወር ልጄ? ቤቴ እኮ ነው!»

መምህሬ «ተያቸው» አሉኝ። እሳቸው እንደቆሙ አነሳን።

አዲስ አበባ ስንመለስ ፎቶውን ለኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ አልነበረንም። ባለ ካሬ መስመር ላስቲክ በትልቁ በታጠበው ፎቶ ላይ አንጥፈን፣ ለእያንዳንዷ ካሬ እንደ ጥቁረቷ ቁጥር ሰጠናት። አንዱ ተማሪ ቁጥሩን ይጠራል፣ ሌላው ኮምፒውተሩ የሚያነበውን ካርድ በቁጥሩ ልክ ይበሳል። «ሰባት! ሰባት! አራት!» እያልን ስንጮህ በመተላለፊያው የሚያልፉ ሰዎች ቢንጎ የምንጫወት ይመስላቸው ነበር። ያ ሁሉ ድካም ነው እንግዲህ ምሰሶ ገደል የከተተው።

ወረቀቱን ደጋግሜ ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር አየሁ። ከምሰሶዎቹ ሁሉ አንዱ ብቻ በትክክለኛ ቦታው ቆሟል። ፎቶውን አምጥቼ አስተያየሁት። ቄሰ ገበዙ የቆሙበት ነው!

እየሮጥኩ መምህሬ ቢሮ ገባሁ። «ዶክተር፣ ምሰሶዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ነው! ማሽኑ አንዱን ከጎረቤቱ ጋር እያምታታ ነው። የቄሰ ገበዙን ግን የሚመስለው ስለሌለ አልሳተውም።»

መምህሬ መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «እኛ ዘወር በሉ እንላቸዋለን!» አሉ። «እንግዲያስ እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ የተለያየ ምልክት እንለጥፋ።»

«በማርያም ምሰሶ ላይ ማን ያስለጥፈናል? ሰው እናቁም እንጂ።»

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ተመልሰን ሄድን። በዚህኛው ጉዟችን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠመንጃውን አንግቶ ጠበቀን።

«ጓድ፣ ይህ መሣሪያ የሚሰልለው ማንን ነው?»

«ድንጋይን ነው፣ ጓድ» አሉ መምህሬ። እርሳስ ከኪሳቸው አውጥተው አፍንጫው ፊት ያዙለት። ሊቀ መንበሩ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ዓይኑ እያጨነቆረ ብዙ ቆየ። ከዚያ፣ «እኔስ የት ነው የምቆመው?» አለ።

ቄሰ ገበዙ ሰዉን ማሰለፍ ጀመሩ። አንዱን ካህን ከነመቋሚያው አንዱ ምሰሶ ሥር አቆሙ። አንዷን ልጅ ያዘለች እናት በቀጣዩ፣ እህል የተሸከመ ገበሬ ደግሞ በሌላው። ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«በማርያም ደጅ ጠመንጃ ይዘህማ አትቆምም።»

«ታዲያ ምን ልያዝ አባ?»

ቄሰ ገበዙ ገብተው ትልቁን ከበሮ አምጥተው አንገቱ ላይ አጠለቁለት። ጓድ ሊቀ መንበር ግራና ቀኙን አየ፤ ከበሮውን በሁለት እጁ እቅፍ አደረገው። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት።

ችግሩ ካሜራችን አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ከግራ አንስተን ወደ ቀኝ እስክናዛውረው ማንም መነቃነቅ የለበትም። በመጀመሪያው ሙከራ ሕፃኑ አስነጠሰ፤ ሰልፉ በሙሉ «ይማርህ» አለ። በሁለተኛው ዝንብ መጥታ ሊቀ መንበሩ አፍንጫ ላይ አረፈች። ሰውዬው ጀግና ነው፣ አልተነቃነቀም፤ ነገር ግን ዓይኖቹን አጣምሞ ዝንቧን ሲመለከት ያየው ባለ መቋሚያው ካህን በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ማንም ሳቁን መግታት አልቻለም። እኔም ካሜራው ሥር ተቀምጬ ሆዴን ያዝኩ።

«በሉ እንግዲህ እንደ ቅዳሴ ቁሙ!» ብለው ቄሰ ገበዙ ጥላቸውን ዘርግተው ከቆሙበት ምሰሶ ሥር ጮኹ። ጸጥ አለ። የጥላቸው ዘርፍ እንኳ ያልተወዛወዘ መሰለኝ። ግራ፣ ቀኝ፤ አነሳን።

አዲስ አበባ ተመልሰን የዚያን ፎቶ ውጤት ማተሚያው ሲተፋ እኔና መምህሬ ትከሻ ለትከሻ ቆመን ነበር። መጀመሪያ የወጣው ምሰሶ በቦታው ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ወረቀቱ ሳያልቅ መምህሬ በሩን ከፍተው፣ «ኑ እዩ! ኑ እዩ!» እያሉ መተላለፊያው ላይ ተጣሩ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም።

እኩል ርቀት የሚያሳዩትን ቁጥሮች በመስመር አገናኝተን፣ በመስመሮቹ ልክ ካርቶን ቆርጠን፣ አንዱን በሌላው ላይ ለጣጥፈን የቤተ ክርስቲያኗን ገጽ ሠራን። ለንግሥ በዓል ይዘነው ሄድን። ሰዉ ከበበን። ቄሰ ገበዙ ካርቶኑን በጣታቸው ሲዳስሱ አንድ ምሰሶ ላይ ቆም አሉ።

«ይህች እብጠት ምንድን ናት?»

«እርስዎ ነዎት አባታችን።»

«ጥላዬስ?»

«ያቺው ከላይ ያለችው።»

ሊቀ መንበሩ ተጋፍቶ መጣና የራሱን ፈለገ። ከበሮው ከሰውነቱ ይበልጥ ነበር። «እኔን ትታችሁ ከበሮውን ነው የሠራችሁት!» ብሎ ሲቆጣ ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ልጅ ያዘለችው እናት ጉብታዋን በጣቷ እየነካች፣ «እኔንና ልጄን አንድ አደረጋችሁን» አለች።

ጠላ ቀረበ። ቄሰ ገበዙ መምህሬን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ቀጥሎስ ለማሽናችሁ ምን ታሳዩታላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ምን ይሻላል ይላሉ አባ?»

መልሱ ከየአቅጣጫው መጣ። አንዱ በሬዬን አሳዩልኝ አለ። ሌላዋ የሙጃን ገበያ፣ አንዱ ደግሞ የጎረቤቱን ድንበር፤ ጎረቤቱም እዚያው ነበርና ክርክር ተነሳ። መምህሬ ዋንጫቸውን ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ያዳምጡ ነበር። እኔን ሴቶቹ ጎትተው ወደ ጭፈራው አስገቡኝ።