ወደ ላይኛው መንደር የምትወጣው ሰማያዊ መስመር

ኤርሲዶን የጅማ ውሃ ሠራተኞች «ጆሮ» ነው የሚሉት። ከከምባታ በጉብዝናው መጥቶ ሠላሳ አራት ዓመት ቧንቧ ሲቀብርና ሲያወጣ የኖረ፣ ጡረታው ስድስት ወር የቀረው ሰው ነው። ከትከሻው የማትለይ የብረት ዘንግ አለችው። አንዱን ጫፍ ቧንቧ ላይ ያሳርፍና ሌላውን ከጆሮው ሥር አጥንቱ ላይ ደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ቆይቶ «እዚህ ጋ ያፈሳል፣ ቆፍሩ» ይላል። ሲቆፈር ይገኛል። ተሳስቶ አያውቅም።

ስለዚህ የከተማዋን መዋቅራዊ ፕላን የሚገመግሙ ባለሙያዎች ከክልል ሲመጡ መሪ እንዲሆናቸው የተሰጣቸው እሱ ነበር። ሥራቸው ሲያዩት ቀላል ነው። ካርታው ላይ «አለ» የተባለው መንገድ፣ የጎርፍ ቦይ፣ የመብራትና የውሃ መስመር በእርግጥ መሬት ላይ መኖሩን አይተው የጎደለውን ይመዘግባሉ። ጎደለ ተብሎ የተመዘገበ ዕቅድ ውስጥ ይገባል። አለ የተባለ ግን አለ ነው፤ ለአሥር ዓመት ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የቡድኑ መሪ ኢንጂነር ናርዲ ካርታውን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋች። ከቦሳ ኪቶ ሰፈር ሽቅብ በምትወጣ ሰማያዊ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ጋሼ ኤርሲዶ፣ ይቺኛዋስ? የላይኛው መንደር?»

ሃያ ሦስት ዓመት የፈራት ጥያቄ ነበረች።

ያኔ እሱና ጓደኛው ሶሬሳ ለአንድ ተቋራጭ ነበር የሚሠሩት። ሶሬሳ የላይኛው መንደር ሰው ነው። ውሃው ለገዛ ደጁ ስለሆነ ሲቆፍር እንደ ሠርገኛ ይዘፍን ነበር። ከደጁ ጀምረው ቁልቁል እየቀበሩ ወርደው፣ ከዋናው መስመር ሊገጥሙ መቶ ሃምሳ ሜትር ሲቀራቸው ቧንቧ አለቀ። ሰኔ ሠላሳ ደግሞ በጀት ይዘጋል። ሶሬሳ የዚያን ቀን ለለቅሶ ሸቤ ሄዶ ነበር። ፎርማኑ ኤርሲዶን ጠራና «ጫፉን በጨርቅ ወትፈህ አፈር አልብሰው፤ በመስከረም እንቀጥላለን» አለው። ወተፈ፣ አለበሰ። «ተጠናቋል» የሚለው ወረቀት ላይም ፈረመ። መስከረም ጠባ፤ ተቋራጩ ግን አልተመለሰም።

ሶሬሳ ከለቅሶው ሲመለስ ቧንቧዋ ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ውሃ የለም። «ግፊት አንሶት ነው፣ ይመጣል» አለው ኤርሲዶ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ሲል ጸጉሩ ሸበተ። ሰው የቀበረውን ይረሳል የሚሉ ቀብረው የማያውቁ ናቸው። የቀበረማ በላዩ በተራመደ ቁጥር እግሩ ያውቀዋል።

ሶሬሳ ግን ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ቧንቧዋ ላይ ለጥፎ «ያ ኤርሲዶ! ቢሻን ዱፋ ጂራ! ውሃው እየመጣ ነው፣ ሰማሁት!» ይል ነበር። መንደሩ ይስቅበታል። አምና እንዳዳመጠ ሞተ።

ጉሙ ከቡናው ላይ ሳይነሳ ኤርሲዶና ባለሙያዎቹ ዳገቱን ወጡ። ዛፉ ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ጉሬዛዎች እነሱ ሲደርሱ ባንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። የሶሬሳ ሚስት ወርቂቱ ደጇ ላይ ቆማለች። ከዛገችው ቧንቧ ሥር ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል።

«አከም ጅርታ፣ ኦቦ ኤርሲዶ! ሙሽራ ሆንክ እንዴ፣ ይሄ ሁሉ አጃቢ?»

«አዴ ወርቂቱ፣ ሥራ ነው።»

ናርዲ ጀሪካኑን አየች። «እናቴ፣ ውሃ ይመጣል እንዴ?»

«አይመጣም። ሶሬሳ ግን አንሺው ሳይለኝ ሄደ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጠዋት ጠዋት ይሰማኛል። አንዳንዴ ውሃው ይመስለኛል፣ አንዳንዴ እሱ ሲያዳምጥ።»

ናርዲ እስክሪብቶዋን አወጣች። «መስመሩ ካለ ችግሩ የግፊት ነው ማለት ነው። እስቲ ያዳምጡልኝ፣ ጋሼ። ‹አለ› ብዬ ልሙላው?»

ኤርሲዶ ዘንጓን አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሰማ።

የንፋስ ድምፅ አልነበረም፤ ንፋስን ያውቀዋል። የሚያፈስ ቧንቧ ፉጨትም አልነበረም። ከጥልቅ የሚመጣ፣ የማይቸኩል፣ ሽቅብ የሚወጣ ውሃ ነው። ከውሃው ሥር ደግሞ ትንፋሽ አለ፤ በወዲያኛው ጫፍ ጆሮውን ለጥፎ እንደሚጠብቅ ሰው። ሠላሳ አራት ዓመት ያልዋሸው ጆሮው «አለ» ይለዋል፤ እጁ ደግሞ ጨርቁን የወተፈባትን ቀን ያስታውሳል። «አለ» ቢል የሚጠራጠረው የለም። ጡረታውም ይድናል።

«ምን አሉ?»

«የለም ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ።» ዘንጓን አወረደ። «መስመሩ ቁልቁል ካለው ዋንዛ ሥር ያልቃል። የደፈንኩት እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

ወርቂቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከዋንዛው ሥር ተቆፈረ። ጉልበት ያህል ሲወርዱ የቧንቧው ጫፍ ወጣ፤ በአፉ የኤርሲዶ የድሮ ቱታ ቁራጭ እንደተወተፈ ነው። ኤርሲዶ በገዛ እጁ ሳበው። ደረቅ ቀይ አቧራ ዝርግፍ አለ። አንዲት ጠብታ አልፋበት አታውቅም።

ናርዲ ሰማያዊዋን መስመር ሰርዛ «የጎደለ» ብላ ጻፈች። «ፕላኑ ለእርማት ይመለሳል፣ መንደሩም ዕቅድ ውስጥ ይገባል። ግን ጋሼ፣ እርስዎን ይጠይቁዎታል።»

«ይጠይቁኝ።»

አብራቸው የወረደችው ወርቂቱ አቧራውን በእግሯ ጫፍ ነካ አድርጋ «እሱ ያውቅ ነበር?» አለች።

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ሃያ ዓመት ምን ነበር የሚሰማው?»

ናርዲ እንደመሳቅ ብላ «እስቲ እኔም ልሞክር» ብላ ዘንጓን ተቀበለችው። ተያይዘው ሽቅብ ተመለሱ፤ ደጁ ላይ ካለችው ቧንቧ አሳረፈችና ጆሮዋን አስጠጋች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። «ውሃ ነው» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ዘንጓን ቀስ ብላ፣ እንደሚሰበር ነገር፣ መለሰችለት። መዝገቧን ገልጣ «የጎደለ» የሚለውን አየችው።

አልሰረዘችውም። ወርቂቱም ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን ከቧንቧው አፍ ሥር አስተካከለች።