የኮቲስ ስም ሲጠራ

አቴናውያን የዜጎች መዝገብ ይጣራ ብለው ካወጁ ወዲህ ሚካ እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ ብሏታል። በየቀበሌው የእያንዳንዱ ሰው ስም ይጠራል፤ ጎረቤቶቹ ምለው የድምፅ ጠጠር ገንቦ ውስጥ ይጥላሉ። "ዜጋ አይደለም" ካሉት፣ አርፎ ከተቀመጠ መጻተኛ ሆኖ ይኖራል። ልከራከር ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ ከተረታ ግን እንደ ከብት ይሸጣል።

ባሏ ኮቲስ እንደ አባቱ ከፓርኔስ ተራራ ሥር ከሰል አክሳይ ነው። ጥፋቱ የባዕድ አገር ስሙ ብቻ ነው። አባቱ አንድ የትራቄ አገር ወዳጁን ሊያከብር ብሎ በወዳጁ ስም ጠራው። ወዳጅነት እንዲህ ጣጣ ያመጣል ብሎ ማን ያስባል? አባትም እናትም ሞቱ፤ ስሙ ግን አብሮት ቀረ።

"ያ የቀበሌያችን ሰው ቲሞክሌስ ገበያ መሃል ያለውን ሰማሽ?" አለቻት ጎረቤቷ ሲማ። "'እናቱ የትራቄ ገረድ ነበረች፤ ስሙ ራሱ ይመሰክራል' ይላል። እሱስ በሬውን 'ንጉሥ' ብሎ ይጠራው የለ? በሬው ሊነግሥ ነዋ!"

ሚካ ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም። እናቱ ዜጋ ካልሆነች ልጁም አይሆንም። ኮቲስ ከወደቀ ጡቷ ላይ ያለው ሕፃንም አብሮ ወደቀ።

በስብሰባው ዋዜማ ኮቲስ፣ "ከጣሉኝ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። እናቴን ገረድ አስብዬ አልቀመጥም" አላት።

"ብትረታስ?"

ያኔ ሚካ ስለ እናቱ የሰማችው አንድ ነገር ትዝ አላት።

ሚካ ልጇን ታቅፋ ወደ ቲሞክሌስ እናት፣ ወደ እማማ ሊሲላ ቤት ሮጠች። አሮጊቷ ሱፍ ይፈትላሉ።

"እማማ፣ ያኔ ለእህል አምላኳ ለዴሜትራ በዓል የኮቲስ እናት ከማን ጋር ነበር የተመረጡት?"

"ከእኔ ጋር ነዋ! የቀበሌው ዜጎች ሚስቶች በዓሉን እንድንመራ እኔንና እሷን መረጡን። መሬት ላይ ተቀምጠን አብረን ጾምን። ስታንኮራፋማ አታስተኛኝም ነበር፤ አፈሩን ያቅልልላትና።"

"ገረድ እዚያ በዓል ትገባለች?"

እንዝርቱ ቆመ። "ማነው እንዲህ ያለው?"

"ልጅዎ" አለች ሚካ።

የአሮጊቷ ፊት ጠቆረ። "ሂጂ" አሏት። ሚካ ነገር ያባባሰች መስሏት ወጣች።

በማግስቱ ወንዶቹ ተሰበሰቡ። ሴት አይገባምና ሚካና ሲማ ከድንጋዩ አጥር ሥር ተጠጋግተው ተቀመጡ። "ኮቲስ!" ሲባል ሚካ የልጇን አፍ በጡቷ ዘጋች።

ቲሞክሌስ ተነሣ። "እኔ... ስለ እናቱ ያልኩትን ትቻለሁ።"

"ምነው? ትናንት አንበሳ አልነበርክ?" አለው አንዱ።

"እናቴ ናታ! 'እሷ ገረድ ከነበረች በዓሉን አብሬ ያረከስኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ እኔን ክሰሰኝ' አለችኝ። እራትም ከለከለችኝ!"

ሳቅ ሆነ። ሚካ ግን አልሳቀችም፤ የሚስቅ ሰውም ክፉ ጠጠር ይጥላል። ጠጠሮቹ ገንቦው ውስጥ ኳ፣ ኳ አሉ። ከዚያ ቆጠራ።

"ኮቲስ ዜጋ ነው!"

ሚካ እንባዋን ገና ሳትጠርግ የቀበሌው አለቃ ቀጣዩን ስም ጠራ፤ የሲማ ባል ነበር። የሲማ ቀልድ ጠፋ።

ሚካ በአጥሩ ስንጥቅ አየች። ኮቲስ በተራው ጠጠር ጨብጦ ወደ ገንቦው እየሄደ ነው።

"ልጁን ያዢው" አለቻት ሲማን፣ ሕፃኑን እቅፏ ውስጥ እያስገባች። "እስኪቆጠር እጅሽ ባዶውን አይሁን።"