ዓሣ ያልተበላበት ቤት

እኔ ግንበኝነት የተማርኩት በሰው ቤት ላይ ነው። በደርግ ጊዜ አዋሳ የነበረው የሙያ ትምህርት ቤታችን፣ ከሰሜን ግንባር አካላቸው ጎድሎ ለተመለሱ ወታደሮች አንዳንድ ክፍል የጭቃ ቤት ያሠራን ነበር። ማገር እያሰርን፣ ጭቃ እየረገጥን፣ እየመረግን እዚያው እንማራለን። ከክፍሉ ሁለት ሴቶች አንዷ ነበርኩ። ከእጇ ምላሷ ይፈጥናል ይሉኝ ነበር፤ ውሸታቸውን አይደለም።

መምህራችንን እወዳቸው ነበር፣ ግን ግትርነታቸው ለጉድ ነው! ምርጊት ላይ የጣት ምልክት ካዩ ግድግዳውን በሙሉ ያስፍቁናል። ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ከቤቱ ባለቤት እጅ ውሃ እንኳ እንዳንቀበል።

“ለራሳቸው የሌላቸው ሰዎች ናቸው፤ እናንተ ደግሞ አንበጣ ናችሁ” ይሉናል። እውነታቸውን ነው።

አንደኛው ቤት በአዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ዳር የሠራነው የአንድ አስር አለቃ ቤት ነበር። አስር አለቃ አንድ እግራቸውን ጦር ሜዳ ጥለው መጥተው፣ በእህታቸው ማድ ቤት ውስጥ ነበር የሚተኙት። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ዓሣ ያጠምዳሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በክራንቻቸው እያዘገሙ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ይዘውልን ይመጣሉ። ወይኔ ሽታው! እኛ የትምህርት ቤቱን ደረቅ ዳቦ እናላምጣለን።

“እግዜር ይስጥልን፣ ጠግበናል” ይላሉ መምህራችን።

“እኔ እንኳ አልጠገብኩም” እላለሁ በሆዴ፤ አንድ ቀን ግን አምልጦኝ ጮክ ብዬ አልኩትና በዓይናቸው ገረፉኝ። አስር አለቃም ዓሣቸውን ይዘው ይመለሳሉ። በማግስቱ ደግሞ ይዘው ይመጣሉ። በኋላ ጭራሽ መምጣቱን ተዉት። እኛም ሕጉ ገባቸው ብለን ረሳነው።

ቤቱ አለቀ። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ በሩ ሰማያዊ ተቀብቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ረጅም ንግግር አድርገው ቁልፉን ዘረጉላቸው። አስር አለቃ እጃቸውን አልዘረጉም።

“አልወስድም” አሉ። “በኛ ዘንድ ቤት የሚሠራው ሰው ተጠርቶ፣ በልቶ ጠጥቶ ነው። እነዚህ ልጆች ጭቃዬን ሲረግጡ ጦማቸውን ዋሉ። ከእጄ አንዲት ዓሣ አልቀመሱም። ያላበላሁበት ቤት የኔ አይደለም። እንዲህ የሚሰጠው ለለማኝ ነው።”

ሊቀመንበሩ ፊታቸው ተለወጠ። “ካልፈለጉ ተረኛ ሞልቷል፤ ለሌላ ጉዳተኛ እንሰጠዋለን።”

“ኧረ በናትህ፣ ክረምት እኮ መጣ! ማድ ቤቱ እንደሚያፈስ ታውቃለህ!” እህታቸው አለቀሱ። አስር አለቃ ወይ ፍንክች።

እኔ አልቻልኩም። “ጋሼ፣ እኛ እኮ ምራቃችንን ስንውጥ ነው የከረምነው! ንቀን መሰለዎት እንዴ?”

“ታዲያ ማን ከለከላችሁ?”

ሁላችንም ዞረን መምህራችንን አየን። ፊታቸው በላብ ተጠመቀ። አንጀቴን በሉት፤ እሳቸው እኮ ለደግ ብለው ነው።

መምህራችን ከአንዱ ልጅ እጅ መዶሻ ተቀበሉ። ከበሩ አጠገብ ወዳለው ግድግዳ ሄዱ። ያ ግድግዳ ደጋግመው ያስፈቁን፣ በመጨረሻ በእጃቸው እየዳበሱ “አሁን ግድግዳ ሆነ” ያሉለት ነው። መዶሻውን አንስተው ደለቁት። ምርጊቱ ተንዶ እግራቸው ላይ ፈሰሰ፤ ጭድና ማገሩ ወጣ። ክው አልኩ።

“ቤቱ አላለቀም” አሉ መምህራችን ወደ ሊቀመንበሩ ዞረው። “ቁልፉ እስከ ነገ እኔ ጋ ይቆይ።” ከዚያ ወደ አስር አለቃ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ነገ ለምርጊት በደቦ እንመጣለን። ምሳ ያበሉናል?”

አስር አለቃ የፈረሰውን ግድግዳ አዩት። መምህራችንንም አዩዋቸው።

“ስንት ትሆናላችሁ?” አሉ።

“አንበጣ ነን ጋሼ” አልኩ እኔ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

በማግስቱ ግድግዳውን መረግነው። ዓሣው ከቆጮና ከሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ ጋር ቀረበ፤ ያለ ኀፍረት ጠረግነው። አስር አለቃ ለመምህራችን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው፣ “ይበሉ፣ በሞቴ!” አሏቸው። መምህራችን አፋቸው ሞልቶ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ዋጡት። ዳጣው ነው አሉ። እሺ፣ ዳጣው ይሁን።

በልተን ስንጨርስ አስር አለቃ እጃቸውን ለመምህራችን ዘረጉ። “እንግዲህ ቁልፌን ያምጡ።” ተቀበሉ፣ በሩን ከፈቱ፣ ገቡ። እኛም ግር ብለን ተከትለን ገባን። ጠበበ። አንዱ ቆርቆሮውን ቀና ብሎ ያያል፣ አንዱ መስኮት ከፍቶ ይዘጋል፣ እኔ ማን ምን እንደመረገ አስረዳለሁ። አስር አለቃ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

“በሉ ይበቃል” አሉን። “ከቤቴ ውጡልኝ፤ ልተኛ ነው።”