ቂም የሚይዘው አምፕሊፋየር

የጋለ አቧራ ሲሸተኝ ወንድሜ ይመር ትዝ ይለኛል። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ይመር ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ቤታችን በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። በመጨረሻዋ ደህና ቀን ጠዋት፣ ወራት የደከመበትን ባለ አምፖል አምፕሊፋየር አበራው። አምፖሎቹ ቀስ ብለው እንደ ፍም ቀሉ። አቧራው ሸተተ። ከዚያ ከስልኩ የመጣ መንዙማ ክፍሉን ሞላው። ለስልክ ብሎ ከጀርባው አዲስ መሰኪያ አበጅቶለት ነበር።

አምፕሊፋየሩን የሰጠው ኮምቦልቻ ላይ ለሰርግ ሞንታርቦ የሚያከራየው ጋሽ እንድሪስ ነው። "ወስደህ ጣልልኝ" ብሎ። አይጥ ወልዶበት ነበር። ይመር የተቃጠሉትን አምፖሎችና ያበጡትን ኮንደንሰሮች አውጥቶ በወተት ጣሳ አስቀመጠ። ምትኩን ከየአሮጌ ሬዲዮው ለቃቀመ።

"ተነቅሏል ብለህ እጅህን እንዳትሰድ" ይለኝ ነበር። "ይሄ ቂም ይይዛል።" ኮንደንሰሩ ውስጥ የሚቀረውን ኤሌክትሪክ ነው ቂም የሚለው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ሽቦ አስነክቶ ቂሙን ያስወጣለታል።

በዚያው ቀን ጋሽ እንድሪስ ከሹፌሩ ጋር በፒክአፕ መጣ። ሐርቡ ሰርግ ቤት ሞንታርቦው ተበላሽቶበት ይመርን ሊልከው ነው።

"ይሄን የአይጥ ቤት አልጣልከውም?"

"አይጦቹን አስወጥቼ መንዙማ አስገባሁበት፣ ጋሼ።"

ሹፌሩ ፍሬኑ እንደማይዝ ተናገረ። ጋሽ እንድሪስ ራሱ አብሯቸው አይሄድም፣ ደሴ ሊቀር ነው። "አብሽር" አለው፤ "ቁልቁለት አይደል፣ ራሱ ይወርዳል።" ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ፒክአፑ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሹፌሩ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ይመር አልተረፈም።

ለቅሶ ላይ ጋሽ እንድሪስ ትከሻዬን ይዞ "አብሽር" አለኝ። ያችኑ ቃል። ቀጥሎ፣ "አምፕሊፋየሩ ሠራ አሉ። የኔ እቃ ነው፣ ነገ እወስደዋለሁ።"

እናቴ "ስጠው ልጄ፣ ለአላህ ተወው" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አበራሁት። መንዙማውን አንዴ ሰማሁና ነቀልኩት። ጋሽ እንድሪስ እቃ ሲረከብ ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ይሰዳል፤ ልማዱ ነው። ቂሙን እንደያዘ ብሰጠውስ? ሽቦውን ይዤ ቆየሁ። የይመር እጅ ሥራ ሰው እንዲገድል ግን አልፈለግኩም። አስነካሁት። ብልጭ አለና ጠፋ።

ከዚያ መበየጃውን አጋልኩ። ይመር ያስገባውን ሁሉ፣ አንድ ሳላስቀር፣ አወጣሁ። የጣሳውን ሬሳ፣ ያንኑ የተቃጠለ እቃ፣ መልሼ በቦታው በየድኩ። ወንድሜ ያስተማረኝን ያህል አሳምሬ በየድኩት።

ጋሽ እንድሪስ መጥቶ ሰካው። አምፕሊፋየሩ ድምፅ አልሰጠም።

"ምን አደረግከው አንተ ልጅ?"

"እንደሰጡን ነው ጋሼ። አይጦቹ ብቻ ናቸው የጎደሉት።"

ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "አብሽር" ይለኛል። አልፌው እሄዳለሁ። ያ የወተት ጣሳ እኔ ጋ ነው። ያኔ የሞተው እቃ ጣሳ ውስጥ ነበር፣ ደህናው ያዜም ነበር። አሁን ደህናው ጣሳ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ክዳኑን ከፍቼ አሸተዋለሁ፤ አቧራው ካልጋለ አይሸትም።